ተጠባባቂ ቁጥር አንድ

ለቃለ መጠይቅ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ፤ የተተኮሰው ልብስ ግን የሁለት ሰው ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፊቴን ልታጠብ ብቅ ስል እናቴ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ የወንድሜን የገዛኢን ሰማያዊ ሸሚዝ ትተኩሳለች። የእኔ ጥቁር ቀሚስና ነጭ ሸሚዝ ቀድመው አልቀው በሩ ጀርባ ተሰቅለዋል። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ስላደረ፣ ተመልሶ ሳይሄድ ልጨርስ ብላ ትጣደፋለች። ኮሌታውን ተኮሰች፣ እጅጌውን ገልብጣ ተኮሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ፈተሸች፤ ሁለተኛዋ ላልታ ብታገኛት መርፌና ክር አምጥታ አጠበቀቻት። ገዛኢ ከዚህ ቤት ከወጣ አምስት ዓመት አለፈው። ከወጣ በኋላ ድምፁን የሰማ፣ አየሁት ያለ ሰው የለም። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ አለችኝ እማዬ፣ ቀና ሳትል።

ለማያውቀን ሰው ልንገር። እናቴ ሙሉመቤት የወልድያ ሰው ናት፤ አባቴ ረዳኢ የመቐለ ልጅ ነው። እኔ አክሱማዊት ደግሞ እናቴን በቋንቋዋ እማዬ፣ አባቴን በቋንቋው ኣቦይ እያልኩ መቐለ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ያደግሁ ነኝ። ከኋላ ያለችውን ክፍል ለአንድ መምህር አከራይተናል፤ እኛ ፊት ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። የገዛኢ አልጋ እስካሁን ሳሎኑ ጥግ ላይ ናት፤ አንሶላዋ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይታጠባል። ውሃ በወር አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጀሪካን በሠላሳ ብር እየተገዛ፣ ማንም የማይተኛበት አንሶላ ይታጠባል። አንድ ቀን ይህን አስቤ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴን ለማን እንደምናገር ግን አላውቅም።

የሸሚዙ ጣጣ የመጣው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ጥቅምት 2013 መግቢያ ላይ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ እኔና ገዛኢ ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣውን ውሃ የሚመረምር አንድ መሥሪያ ቤት ላወጣት አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ቦታ የጽሑፍ ፈተና ተፈትነን ነበር። ሁለታችንም ኬሚስትሪ ነው የተማርነው። እሱ በሁለት ዓመት ይቀድመኛል፤ እኔ በሱ ደብተር ነው የተመረቅሁት ቢባል ውሸት አይደለም። ውጤቱ ሲለጠፍ ለቃለ መጠይቅ ሦስት ሰዎች አለፉ፤ ገዛኢ አንደኛ ሆነ፣ እኔ ደግሞ አራተኛ ወጥቼ «ተጠባባቂ ቁጥር አንድ» ተባልኩ። ያን ማታ በሳቅ ሊሞት ነበር። ጉንፋን እንዲይዘኝ ጸልዪ፣ ሌላ መንገድ የለሽም አለኝ። እኔም እያሾፍኩ እጄን ዘርግቼ ጸለይኩ። የለመንኩት ጉንፋን ብቻ ነው፤ እግዜር ምስክሬ ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጦርነቱ መጣ፣ ገዛኢም ኅዳር ላይ ዘምቶ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ያ መሥሪያ ቤት በጀቱ ተለቀቀለትና ያንኑ ዝርዝር መልሶ ለጠፈው። አዲስ ማስታወቂያ ማውጣት ቀርቶ ወረቀቱን እንኳ እንደገና አልጻፉትም፤ የድሮውን ፎቶ ኮፒ አድርገው ከታች አዲስ ቀንና አዲስ ማኅተም መቱበት። ኣቦይ ሃያ ስምንት ዓመት በሠራተኛ አስተዳደር ሹምነት ያገለገለ ሰው ስለሆነ ነገሩ አላስገረመውም። የተጀመረ ቅጥር ከቆመበት ይቀጥላል፤ የተመረጠው ሰው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልቀረበ ተጠባባቂው ይገባል፤ አሠራሩ ይኸው ነው አለ። እማዬ ግን ሰሌዳው ድረስ ሄዳ ባይኗ አየችው። ተራ ቁጥር አንድ፣ ገዛኢ ረዳኢ፤ የዘንድሮ ቀን፣ የዘንድሮ ማኅተም። በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣችና ኣቦይ ፊት አስቀመጠችው።

«የሌለ ሰው ስም ላይ ማኅተም ይመታል?» አለችው።

ኣቦይ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ቤት ውስጥ ግን ዳቦ ነበር።

እማዬን ሞኝ የሚላት ሰው ካለ በ2016 ጥቅምት መቐለ ያልነበረ ሰው ነው። ያን ሰሞን በጦርነቱ የተሰዉት ልጆች መርዶ ለየቤተሰቡ ሲነገር በየመንገዱ ድንኳን ተተከለ፤ ከኛ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ አራት ድንኳን ቆጥሬያለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ኣሰለፈች በአንድ ቀን የሁለት ልጆቿን መርዶ ተረዳች። እማዬ ሦስቱን ቀን ሙሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እትዬ ኣሰለፈች ድንኳን ስታለቅስ እየዋለች፣ ሲመሽ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ኣቦይን አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀው ነበር፤ ሰው መጥቶ ነበር? ማንም አልመጣም ይላታል። በሦስተኛው ቀን እዚያው ደፍ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ከዚያ ወዲህ ያልተነገረን እሱ በሕይወት ስላለ ነው ትላለች። ይህን የሚከራከር ሰው በቤታችን የለም፣ በሰፈራችንም የለም።

እኔስ? እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሥራ ስፈልግ ጫማ ጨርሻለሁ። ወንድሜ አሁን ከበር ቢገባ እግሩን ስሜ አልጠግብም፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ባይመጣ ደስ ይለኛል። ከነገ ጀምሮ በፈለገው ሰዓት ይምጣ። እንዲህ ያለ ነገር በሆዴ ይዤ ነው እማዬ ሸሚዙን ስታጥፍ እያየሁ ሻዬን የጠጣሁት። ራሴን ጠላሁት፤ ሻዩን ግን ጨረስኩት።

ኣቦይ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔን ማዘጋጀት ነው። በሱ ቆጠራ ቃለ መጠይቅ ሦስት ዓይነት ነው፤ የእጅ፣ የጆሮና የጠረጴዛ። የእጅ የሚለው የፋብሪካውን ነው። አምና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ስሄድ ዲግሪዬን ቤት ጥዬ፣ ጥፍሬን አሳጥሬ፣ አሥረኛ ክፍል ነኝ ብዬ እንድቀርብ አሠለጠነኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ መርፌ በክር ሳስገባ ሰዓት ይዞብኛል። ጣቴን አዩ፣ ዓይኔን በቀለም ፈተሹ፣ ሁሉንም አለፍኩ፤ መጨረሻ ላይ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። መዝጋቢዋ ፊርማዬን አይታ ሳቀችና እህቴ አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ፣ ወር ሳይሞላሽ ጥለሽን ትሄጃለሽ ብላ መለሰችኝ። ኣቦይ ፊርማውን እንዴት ረሳሁት ብሎ ሦስት ቀን አዘነ። የጆሮ የሚለው ደግሞ የስልክ ነው። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት በስልክ ስጠየቅ ኔትወርክ ያለው ጣሪያችን ላይ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ ኣቦይ ከታች መሰላሉን ይዞ፣ ድምፅሽ ፈገግ ይበል እያለ በሹክሹክታ ይጮህብኛል። ጥያቄው ግማሽ ላይ ሲደርስ ስልኩ ተቋረጠ፤ ተመልሰውም አልደወሉም።

የጠረጴዛው ግን የኣቦይ የራሱ አገር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ይህች የሳሎን ጠረጴዛ ትጸዳና ኮሚቴ ይቀመጣል። ኣቦይ መሐል፣ ተከራያችን መምህር ባዘዘው በቀኝ፣ እማዬ በግራ። ባዘዘው የደብረ ታቦር ልጅ ነው፣ ትሑት ሰው፤ ከባድ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እማዬ የኮሚቴ አባል ሆና ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምሳ በልተሻል ወይ? ኣቦይ ይህ ከመደቡ ጋር አይገናኝም ይላታል፤ እሷም ያልበላ ሰው ምን ይመልሳል ትለዋለች። እኔም እስቃለሁ፣ ባዘዘውም ይስቃል። የኣቦይ ትልቁ ትምህርት ሦስት ትንፋሽ ይባላል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ስሚ፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሺ፣ ከዚያ አጭሯን እውነት ተናገሪ። ረጅም መልስ የሚመልስ ሰው አንድ ነገር እየደበቀ ነው ይላል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያየሁት ይህንን ነው ይላል።

ዛሬ ጠዋት ለብሼ ስጨርስ ኣቦይ ሰነዶቼን የያዘውን ክላሰር ሰጠኝ። ራሱ ነው ያደራጀው፤ እያንዳንዷ ወረቀት በየራሷ የፕላስቲክ ኪስ ገብታለች። ማመልከቻ፣ ዲግሪ፣ የውጤት ዝርዝር፣ የልምምድ ማስረጃ፣ መታወቂያ። በመጨረሻዋ ኪስ ውስጥ አንድ ነጭ ፖስታ አለ። ምንድን ነው አልኩት። ተጨማሪ ማስረጃ ነው አለኝ፣ በዚያ በመሥሪያ ቤት ድምፁ። «ካልጠየቁሽ እንዳትከፍቻት፤ ከጠየቁሽ ግን ክፈቻት» አለና እጁን ክላሰሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። እኔ የመሰለኝ የዘመድ ደብዳቤ ነው። የቃለ መጠይቁን ኮሚቴ ሰብሳቢ ከድሮ ጀምሮ ያውቃታል፤ ለልጄ አስቢላት ብሎ ጽፎ ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። ብጠየቅም ባልጠየቅም አልከፍታትም ብዬ ወሰንኩ።

እማዬ አብሬሽ ልሂድ አለች። ከአውቶቡስ ጣቢያ በቀጥታ ወደዚያ ሊመጣ ይችላል፣ ቤት ሳይደርስ ይመጣ ይሆናል አለች። ኣቦይ ለቃለ መጠይቅ እናት ይዞ አይኬድም ብሎ ከለከላት፤ ድምፁ ግን ከልካይ ድምፅ አልነበረም። ያኔ ሸሚዙን በአዲስ ፌስታል አድርጋ እጄ ላይ አንጠለጠለችው። ከመጣ ይቀይራል፣ በመንገድ አቧራ እንዳይገባ አለችኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ እንዴት ብዬ? ኣቦይ ግቢው በር ድረስ ሸኘኝና ኣጆኺ ጓለይ አለኝ። አይዞሽ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲጨንቀው በትግርኛ ነው የሚያጽናናኝ። ዓይኑ ከፌስታሉ ላይ አልተነሳም።

የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ረጅምና ጠባብ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ቀለሙ ሥር ግን የተደፈኑት ቀዳዳዎች እንደ ኩፍኝ ይቆጠራሉ። ስድስት ወንበር ተደርድሯል። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፌስታሉን አጠገቤ ባለው ላይ አስቀመጥኩት። ከዝርዝሩ ቁጥር ሁለት ሰላማዊ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ በጽሑፍ ፈተናው ቀን ሮጦ ሲገባ አስታውሰዋለሁ፣ ዛሬ በክራንች መጣ። ቁጥር ሦስት ፍሬ ናት፤ ያኔ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ልጇን እናቷ ግቢ ውስጥ ይዛላት ትጠብቃለች። ሌሎቹን ወንበሮች ለሌላ ጉዳይ የመጡ ሰዎች ያዟቸው። ሰላማዊ ወደኔ ቀረብ አለና ፌስታሉን እያየ፣ ሰው አለበት? አለኝ።

«አለበት» አልኩት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ይቅርታ ብሎ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በአንድ እግሩ ቆመ። ፌስታሉን አንስቼ ጭኔ ላይ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ከበደኝ። በመጨረሻ ተነሥቼ የራሴን ወንበር ሰጠሁትና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሰላማዊ ከወንድሜ ሸሚዝ ጎን ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጸሐፊው ኣቶ ኣረፋይነ መዝገቡን ይዞ ብቅ አለ። «ገዛኢ ረዳኢ!» አለ። ይህን ስም ከነአባቱ፣ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰማሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ቤት ውስጥ የምንጠራው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ የተኛ ሰው እንዳንቀሰቅስ ያህል ነው። ልጅ ሳለን ኣቦይ ሊቆጣው ሲጠራው እሱ አልጋ ሥር ይገባና እኔ አቤት እልለት ነበር። አቤት የምትለው ቃል እስከ ጥርሴ ድረስ መጣች፤ ዋጥኳት። ኣቶ ኣረፋይነ ግራ ቀኙን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ አንድ ጭረት ጫረና ገባ።

ሁለተኛው ጥሪ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። «ገዛኢ ረዳኢ!» ሲል ደረጃው ላይ የወንድ ኮቴ ተሰማ፤ ፈጠን ያለ፣ የረፈደበት ሰው ኮቴ። ሁላችንም ዞርን። መጀመሪያ የታየኝ ጫማው ነው። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ አይደለም፤ መናገር ካለብኝ እናገራለሁ፣ የተሰማኝ ወይኔ ሥራዬ የሚል ነው። የመጣው የታሸገ ውሃ ለቢሮዎቹ የሚያድል ሰውዬ ነበር። ደርዘኑን በትከሻው ተሸክሞ አለፈን።

ሦስተኛውን ጥሪ አልሰማሁትም ማለት እችላለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር። ኣቶ ኣረፋይነ ቀይ እስክሪብቶ ሲያወጣ ብቻ አየሁ። «ተጠባባቂ ቁጥር አንድ» አለ። ፌስታሉን አንስቼ ገባሁ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ መሐል ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኣሪያም፣ በቀኝና በግራ ሁለት ወንዶች፤ ልክ ኣቦይ እንዳስቀመጠው። ሰላምታ ሰጠሁ፣ ተቀመጪ እስኪሉኝ ቆምኩ፣ ክላሰሩን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ልምምዳችን ነው። ወይዘሮ ኣሪያም ዝርዝሩን አየች፣ የኔን ስም አየች፣ ከላይ የተሰረዘውን ስም አየች። ጥያቄው በትግርኛ ነው የመጣው፤ ወንድምሽ ነው? አዎ አልኩ።

«ለምን አልቀረበም?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ክሎሪን፣ ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ ጠንካራ ጎኔና ስለ ደካማ ጎኔ ስጠየቅ ነበር። ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ኣቦይ፣ ጥያቄ የማያመልጠው ኣቦይ፣ ይህን አልጠየቀኝም። ወይዘሮ ኣሪያም በቀስታ አስረዳችኝ። የቀረበት ምክንያት በማስረጃ ከታወቀ ተጠባባቂው ዛሬውኑ ይጠየቃል፤ ካልታወቀ ግን የቃለ መጠይቅ ተራው የሱ እንደሆነ ይቀርና ኮሚቴው ከሁለቱ ብቻ መርጦ ይበተናል። ሌላ አገር ሄዶም ከሆነ፣ ሌላ ሥራ ይዞም ከሆነ፣ አንድ ወረቀት ይበቃል አለችኝ። የያዝሽው ነገር አለ? አለች። ያኔ ነው መጨረሻዋ ኪስ ትዝ ያለችኝ። ከጠየቁሽ ክፈቻት።

ፖስታው አልታሸገም ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው መጀመሪያ ያየሁት ማኅተሙን ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ከዚያ ስም፤ ገዛኢ ረዳኢ። የእናት ስም፤ ሙሉመቤት። የተሰዋበት ጊዜ፤ የካቲት 2013። ከቤት የወጣው ኅዳር ላይ ነው። እኛ አምስት ዓመት የጠበቅነው ልጅ ሦስት ወር ነው የኖረው። ከሥር «መርዶውን የተቀበለ» በሚለው መስመር ላይ አንድ ፊርማ አለ፤ የተስተካከለ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የሚመለስ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ፊርማ። ቀኑ ጥቅምት 2016። እማዬ የሰው ድንኳን ውስጥ በነበረችባቸው በነዚያ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ነው። ሰው መጥቶ ነበር? ማንም አልመጣም።

ጮኼ ማልቀስ ነበረብኝ፤ በኛ አገር መርዶ እንዲህ ቁጭ ተብሎ አይሰማም። እኔ ግን ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ፣ ክላሰር ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሦስት ሰው እያየኝ ተረዳሁት። ኣቦይን በዚያች ሰዓት ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ለእማዬ መንገር አቃተህ፤ ለኔስ? ሁለት ዓመት ከኔ ጋር ራት በልተህ፣ አንሶላው ሲታጠብ እያየህ፣ ለኔ እንኳ? ደግሞ ያቺን ወረቀት እንደ ልምምድ ማስረጃ ኪስ አበጅተህላት። ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። ከዚያ ወረቀቱን ለወይዘሮ ኣሪያም ዘረጋሁላት።

እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከአንደኛው መስመር በታች ማንበብ የሚያስፈልገው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። በቀኝ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። በግራ ያለው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ከደነ፣ ከፈተ። ወይዘሮ ኣሪያም ቀኑን ስታይ ቀና ብላ ፊቴን አጠናች፤ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ብቻ ድምፅዋ ተለወጠና ነገ ብትመጪም እንችላለን አለችኝ። አይ፣ አሁን አልኩ። ከወጣሁ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ። ኣቶ ኣረፋይነ ወረቀቱን ወስዶ ፎቶ ኮፒ አደረገና ዋናውን መለሰልኝ፤ ኮፒው ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ።

ከዚያ ጠየቁኝ፣ እኔም መለስኩ። እንዴት እንደመለስኩ አትጠይቁኝ። የዓይናለም ውሃ ለምን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ፣ ክሎሪን ከጉድጓዱ እስከ ቧንቧው ሲደርስ ለምን እንደሚቀንስ፣ ናሙና በምን ዓይነት ጠርሙስ እንደሚወሰድ ተናገርኩ። መልሱ ሲመጣልኝ በገዛኢ አነጋገር ነው የሚመጣልኝ፤ ከደብተሩ ነዋ ያጠናሁት። አንድ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ «አክሱ ይህቺን ትረሻታለሽ» ብሎ የጻፈባት ነገር ነበረች። እሷኑ ጠየቁኝ። አልረሳኋትም። ሰውዬው ከመስኮቱ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ፤ ወይዘሮ ኣሪያም ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ወንድሜን ቀብሬ ይሁን አስቀጥሬ አልገባኝም፤ ብቻ እሱ እያወራ እኔ አፌን የምከፍት መሰለኝ።

ስወጣ ኣቶ ኣረፋይነ ኮሪደሩ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አሠራር ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ውጤቱ ሐሙስ ይለጠፋል፤ በተሰረዘው ስም ትይዩ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ከሥር ማኅተም ይመታበታል አለኝ። እናቴ ሰሌዳውን እያየች ነው የምትውለው አልኩት። ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው።

ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ መጣሁ። በራችን አጠገብ እትዬ ኣሰለፈች ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰላም አልኳት፣ ፌስታሉን አየች፣ ዓይኗን ወደ ምስሯ መለሰች። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከ2016 በፊት ይህች ሴትዮ ባገኘችኝ ቁጥር ገዛኢ ደወለ? ትለኝ ነበር። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እማዬ በዚህች ሴትዮ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ያለቀሰችው ለማን እንደነበር ከእማዬና ከኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስገባ ብርድ ልብሱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል። ኣቦይ በኮሚቴ ወንበሩ ላይ ነው፣ መሐል። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። እማዬ ከጓዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ መጀመሪያ ከኋላዬ ያለውን በር አየች፣ ቀጥሎ ፌስታሉን፣ ከዚያ እኔን። ምሳ በልተሻል ብላ አልጠየቀችኝም።

«ጠሩት?» አለችኝ።

«ጠሩት።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ማን አቤት አለ?»

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። ኣቦይን አየሁት፤ ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። ሁለተኛ ተነፈስኩ። ሦስተኛውን ስጀምር ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሙሉ፣ ይህ የኔ ጥያቄ ነው» አለ ኣቦይ። «እሷ አትጠየቅም።»

ክላሰሩን ከእጄ ወሰደ፣ መጨረሻዋን ኪስ ገለጠ፣ ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጠዋት ሸሚዙ የነበረበት ቦታ አስቀመጠው። ረጅም ነገር አልተናገረም፤ መርዶ ነጋሪዎቹ በሁለተኛው ቀን መጡ፣ አንቺ ድንኳን ነበርሽ፣ ፈረምኩ፣ ልነግርሽ አቃተኝ አለ። እማዬ ወረቀቱን አላነበበችም። ጣቷን ከላይ ወደ ታች በቀስታ አወረደችና ሰማያዊዋን ክብ ስታገኝ አቆመች።

«ማኅተም አለው» አለች።

«አለው» አላት።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ትመታዋለች ብዬም ጠበቅሁ። እማዬ ግን መጥታ ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሸሚዙን አወጣችው፤ መንገድ ላይ የተጨማደደውን በመዳፏ አቃናች፣ ኮሌታውን አስተካከለች፣ ሁለተኛዋን ቁልፍ ነካ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ከወረቀቱ አጠገብ ዘርግታ አስቀመጠችው፣ እጅጌዎቹንም ግራና ቀኝ አደረገቻቸው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው።

«ኣሰለፈችን ጥሪያት» አለችኝ። «ድንኳኑን ከእድር እንዴት እንደሚያወጡት ታውቃለች።»